የእማ ሉባባ ሳቅ

አሰፋሽ፣ ከሞተች ሦስት ዓመት ያለፋትን ሴት ድምፅ የሰማችው ባጃጅ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ባዶ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ከጎንደር በር ሰፈር ወደ ወልድያ ገበያ ትወርዳለች። ነሐሴ ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የባጃጁ ጎንና ጎን በላስቲክ ተጋርዷል፤ ሒሳቡም በዝናብ ሰበብ አምስት ብር ጨምሯል። አጠገቧ የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ታያለች። ከስልኩ መጀመሪያ ሆድ የሚያባባ ዋሽንት ወጣ። ቀጥሎ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ «ወገኖቼ፣ እኚህ የሀብሩ እናት ሦስት ልጆቻቸውን ጎርፍ በላባቸው» አለ። ከዚያ ከዋሽንቱ ሥር ቀጠን ያለ፣ ጫፉ ላይ ሰበር የሚል የሴት ድምፅ «ኧረ እዩልኝ! ጓዳዬን ጠርጎ ወሰደው እኮ!» ሲል ተሰማ። አሰፋሽ ወደ ስልኩ ዞረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ድምፅ ከድምፅ ይመሳሰላል ብሎ ያልፈው ነበር። አሰፋሽ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ስልክ ቤት የሠራች፣ ግማሹንም ኦፕሬተር ሆና ያሳለፈች ሴት ናት። ሰውን ከመልኩ ይልቅ በድምፁ ታውቃለች። ያለቀሰውንም፣ የሚዋሸውንም፣ አጠገቡ ሰው ቆሞበት እንደልቡ መናገር ያቃተውንም ትለያለች። «እስቲ ልየው የኔ ልጅ» ብላ ስልኩን ተቀበለች። እውነትም እማ ሉባባ ናት። ተደርምሶ በወደቀ የጭቃ ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ደረቷ ላይ በትልልቅ ቢጫ ቁጥር የባንክ ሒሳብ ተጽፏል፤ ከቁጥሩ ሥር የአንድ ሰው ስም፤ ከስሙ ሥር ደግሞ «ዛሬውኑ ላኩ! ነገ አይደርስላቸውም!» ይላል።

«ያሳዝናሉ አይደል?» አለች ተማሪዋ። ማህሌት ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። «አሁን ሦስት መቶ ብር ላክኩላቸው። ለሳሙና ለምናምን የያዝኳት ነበረች፤ ግን እኔ ባልታጠብስ?»

«እያለቀሰች እኮ አይደለም» አለች አሰፋሽ።

«ምን አሉኝ?»

«እየሳቀች ነው። የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ ስትስቅ አፏን በነጠላ ትሸፍናለች። ደግሞም ሞታለች፤ ሦስት ዓመቷ። የወለደችውም አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም መርሳ በሕይወት አለች።»

ማህሌት መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ቀጥላ ስልኩን፣ እንደገና ሴትዮዋን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ታዲያ ማንን ልመን እማማ?» አለች፤ እንደ ክስ ሳይሆን የምር መልስ እንደሚፈልግ ሰው። አሰፋሽ ቪዲዮው ያለበትን ሊንክ ብቻ እንድትልክላት ለመነቻት፤ ስልክ ቁጥሯንም ያዘች። ከዚያ ገበያውን ትታ መናኸሪያው በር ላይ ወረደች።

የመርሳ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ረዳቱ «መርሳ! ውርጌሳ!» እያለ ይጮኻል፤ አንዱ ዶሮ ይዞ ይገባል፣ አንዷ የሽንኩርት ኬሻ ከወንበር ሥር ትገፋለች። አሰፋሽ መስኮት ጥግ ተቀምጣ የመጀመሪያ ጉዞዋን አሰበች። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ። በዚሁ መንገድ፣ በጭነት መኪና ጋቢና፣ መርሳ ስልክ ቤት ተመድባ ስትሄድ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በረሃብ የተፈናቀለ ሰው ተኝቶ ነበር። አገሩን አታውቅ፣ ዘመድ የላት፣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሻንጣዋን ተሸክሞ እማ ሉባባ ደጅ አደረሳት። እማ ሉባባ ስሟን ሳትጠይቅ እጇን አስታጠበቻት። ለአንድ ወር የተከራየችው ክፍል ዘጠኝ ዓመት ቆየችበት። በዓል ሲመጣ የአሰፋሽን ጾምና ፍስክ ለይታ ምጣድና ድስት የምትይዝላት እማ ሉባባ ናት፤ ለሮመዳን ማፍጠሪያ ሾርባውን የምታማስለው ደግሞ አሰፋሽ። የእማ ሉባባ ልጅ ሳሚራ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። «እታለም» እያለች ትከተላታለች፤ ስልክ ቤት ድረስ መጥታ ከስልክ ማዞሪያው ሥር ትተኛለች።

ከሁሉ ከሁሉ ያች ክፉ ዓመት አትረሳትም። እማ ሉባባ የተቀቀለ ማሽላ በቁና ይዛ ወደ መንገዱ ትወጣ ነበር። አሰፋሽ አንድ ቀን ተከትላት ወጥታ፣ አንድ ሽማግሌ እህሉን ሲውጥ ቆማ እያየች አለቀሰች። እማ ሉባባ በክርኗ ጎሸመቻት። «ሰጥተሽ ዞር በይ እንጂ ልጄ» አለቻት። «ሲበላ አይታይም። ያፍራል።» ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር አሰፋሽ ይህን አስታውሳ ከንፈሯን ነከሰች። ሲበላ አይታይም ያለችውን ሴት አሁን አገር ምድሩ ያያታል፤ ደረቷ ላይ ቁጥር ለጥፈውባት።

ሳሚራ ጋ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። እማ ሉባባ ስትሞት አሰፋሽ ዓይኗን ልትታከም አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ነበረች። መርዶውን የሰማችው በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ወልድያ ስትመለስ፣ ገበያ ውስጥ ከሽንኩርት ነጋዴ ነው። እየሮጠች መርሳ ብትደርስ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ሰዉ ተበትኗል፣ ሳሚራ በሩ ላይ ቆማ «ጠርቼሽ ነበር» አለቻት። አሰፋሽም «ማንም አልጠራኝም» አለች። ሳትቀመጥ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በፋሲካና በአረፋ «እንኳን አደረሰሽ» ከሚል አጭር መልእክት በቀር በመሐከላቸው ምንም አልነበረም።

ሳሚራ የምትኖረው እዚያው የእናቷ ቤት፣ ከመስጊዱ በስተጀርባ ካለው ቅያስ ነው። ጎርፉ የወሰደው ጓዳ በብሎኬት ተሠርቷል። የፊተኛው ክፍል የልብስ ስፌት ቤት ሆኗል። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ስለቀረው ቤቱ በሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ታፍኗል፤ አልጋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ እጅጌና ኮሌታ ተከምሯል። ግድግዳው ላይ «የሸሚዝ ስፌት 250፣ የቀሚስ 300፣ ዱቤ የለም» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ሳሚራ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሳ ቀና አለችና «እታለም» አለች። በደስታም በቅሬታም አይደለም፤ ስም እንደሚጠራ ሰው ብቻ። አሰፋሽ ከአንድ ወንበር ላይ ጨርቅ አንስታ፣ የምታስቀምጥበት አጥታ፣ ጭኗ ላይ እንደያዘችው ተቀመጠች። ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ስለ ዓይኗ፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ ተጠያየቁ። ከዚያ ወሬው አለቀ። አሰፋሽ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ዘረጋችላት።

ሳሚራ አልተቀበለቻትም። «አውቀዋለሁ» አለች። «ካየሁት አሥር ቀኔ ነው።»

«አሥር ቀን? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ሳሚራ ክር በጥርሷ በጠሰች፤ ሌላ ኮሌታ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ከመኪናው መሳቢያ የራሷን ስልክ አወጣች። ገና ስትከፍተው ሌላ ምንም ሳይመጣ ያው ቪዲዮ መጣ። ዋሽንቱ ነፋ፣ ሰውዬው ልጆቻቸውን ጎርፍ በላባቸው አለ፣ ከዚያም የእማ ሉባባ ድምፅ መጣ። ሳሚራ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ድምፁ ሲያልቅ እንደገና ከፈተችው።

«ስትሞት ፎቶዋ ነው የቀረኝ» አለች። «ድምፅ አልነበረኝም። ማታ ስተኛ እንዴት ነበር የምትጠራኝ እያልሁ አስባለሁ፤ ይጠፋብኛል። ይህን የቀረጻት መንገደኛ እንግዳ ነበር፤ ያኔ ጓዳችን የፈረሰ ጊዜ። ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ልጆቿ ሞቱ ይላል አይደል? የሞትሁት እኔ ነኝ። ይበል። ባመለክት ያጠፉታል እታለም። ከጠፋ ደግሞ...»

አሰፋሽ ስለ ባጃጇ ተማሪ፣ ስለ ሳሙና ገንዘቧ ነገረቻት። ሳሚራ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም። «እማ በሕይወቷ ለምና አታውቅም» አለች አሰፋሽ። «አሁን ግን ቀንም ሌትም ስትለምን ነው የምትውል የምታድር። እኛ ዝም ብለን እያየናት?»

«እኛ!» አለች ሳሚራ፤ ድምፏ ድንገት ከፍ አለ። «ቀብሯ ላይ ነበርሽ እንዴ እኛ የምትይ? የኔ ስልክ ካርድ የለው፣ የጎረቤት ስልክ ተውሼ አራት ጊዜ ደወልሁልሽ። አራት ጊዜ! ይጠራል፣ ይጠራል፣ አታነሺም። ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብዬ እኮ ነው የደወልሁት። እታለም ሳትመጣ አይወጣም ብዬ ወንዶቹን እስኪሰለቻቸው አቆምኋቸው።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። አሰፋሽ ጭኗ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጨርቅ አጠፈች፤ ፈታች፤ እንደገና አጠፈች። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ዓይኗ በፋሻ ታስሮ በልጇ ሳሎን ተኝታ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ልጇ አየችውና «የማይታወቅ ቁጥር ነው እማዬ፣ እነዚያው ሽልማት ደርሶዎታል የሚሉት ይሆናሉ» አለች። ከወር በፊት በዚያው ዓይነት ስልክ የጡረታ ገንዘቧን ተጭበርብራ ነበርና ፈራች። ስልኩ አራት ጊዜ ጮኸ። አራተኛው ላይ «ፊቱን ድፊው» ያለችው ራሷ ናት። ማን እንደደወለ መርዶውን ስትሰማ ገባት፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መርዶና የሰው ብሥራት ስታገናኝ ኖራ፣ የራሷ ሲመጣ አላነሳችም።

«ሲደወል ሰምቻለሁ» አለች። «ሌባ መስሎኝ ነው።»

ሳሚራ ተመለከተቻት። ከዚያ ተነሥታ ከጓዳ ውኃ በጣሳ አምጥታ ሰጠቻት። ይቅር አላለቻትም፤ ውኃውን ግን ጠጥታ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆማ ጠበቀቻት።

በዚህ መሐል ሐጂ አብዱልሐሊም «አሰላሙ ዐለይኩም» እያሉ በሩ ላይ ደረሱ። ሐጂ ጡረታ የወጡ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ከውርጌሳ በታች ያሉትን መንደሮች ጎርፍ ከመታ ወዲህ ግን የእርዳታ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆነው ደረሰኝ በብብታቸው ይዘው ከተማውን ያስሳሉ። አሰፋሽ ብድግ ብላ ጉልበት ልትስም ስትል ትከሻዋን ያዙ። «የስልክ ቤቷ ልጅ! አንቺም አረጀሽ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ቀዘቀዘ፤ ለሌላ ነገር እንደመጡ ከፊታቸው ታየ።

«ሳሚራ ልጄ፣ ላስቸግርሽ ፈርቼ ነው የቆየሁት» አሉ። «ስድሳ አራት አባወራ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰፍሯል። ትምህርት ሲከፈት የት እንደምናደርጋቸው አላውቅም። ብርድ ልብስ ለግማሹ አልደረሰም፤ ዱቄቱ ዛሬ አለቀ። እኔ ጅዳ ላሉት፣ አዲስ አበባ ላሉት የመርሳ ልጆች እደውላለሁ። ምን ይሉኛል መሰለሽ? ‹ሐጂ፣ እኛ ልከናል፤ ለዚያች ለምታለቅሰው እናት ልከናል› ይሉኛል።» ደረሰኙን ከብብታቸው አወረዱ። «በሩቅ አገር ያደገውን ልጅ ምን ልበለው? እማ ሉባባን አላወቃትም።»

«አንቱ ዘንድ ያለው ገንዘብስ እንዴት ይታመናል ቢሉዎት?» አለች አሰፋሽ። የተማሪዋ ጥያቄ ጆሮዋ ላይ እንደቀረ ነው።

«እኔን ማን እመኑ አለ?» አሉ ሐጂ። «ሒሳቡ በሰው ስም አይደለም፣ በኮሚቴው ስም ነው። አንድ ከመስጊድ፣ አንድ ከቤተ ክርስቲያን፣ አንዷ ከሴቶች እድር፤ ሦስቱ ካልፈረሙ አንድ ብር አይወጣም። ለሰጠ ደረሰኝ አለ። ምን እንደተገዛ በየሳምንቱ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በር ላይ እንለጥፋለን። ያላመነ ይደውል፤ የደወለ ካላመነ መጥቶ ይይ። ዛሬውኑ ካላመጣችሁ ብለን ማንንም አናጣድፍም፤ ችግሩ እንደሆነ ነገም አለ።»

ሳሚራ የስፌት መኪናውን ክዳን ዘጋች። ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። «እንሂድ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮ ነገር ነው፤ ወረፋ፣ ወንበር፣ ማመልከቻ። ፖሊስ ጣቢያ ተረኛው መኮንን ቃላቸውን በእጅ ጽፎ ተቀበለ፤ ሐጂ የሞት ማስረጃውን ከቀበሌ አስመጡ። ባንክ ቤት ደግሞ ቃልኪዳን የምትባል ወጣት ሥራ አስኪያጅ የፖሊሱን ደብዳቤ ይዛ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። ሒሳቡ ከሩቅ ከተማ የተከፈተ ነው። ከምሳ በኋላ መታገዱ ተነገራቸው፤ አብዛኛው ግን አስቀድሞ ወጥቷል። «የቀረውን ፍርድ ቤት ይወስነዋል» አለች ቃልኪዳን። ከዚያ ቪዲዮው ለሚታይበት መተግበሪያ ድርጅት እንዴት እንደሚጠቆም አሳየቻቸው። ሳሚራ ጣቷን ከስልኩ በላይ አንስታ ቀረች።

«ከመጥፋቱ በፊት ላስቀምጥልዎት?» አለች ቃልኪዳን፤ የሳሚራ ፊት ነግሯት መሰለኝ። «ስክሪኑን መቅዳት ይቻላል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

ሳሚራ ስልኩን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። ቢጫው ቁጥር የእናቷን ደረት ከዳር እዳር ሸፍኖታል፤ ዋሽንቱ ሳቋን ለቅሶ አድርጎታል፤ ያ ሰውዬ በላይዋ ላይ ያወራል። «አይ» አለች። «ለማኝ አድርጌ አላስቀምጣትም።» ጣቷን ጫነች። ቀጥላ አሰፋሽ፣ ቀጥለው ሐጂ፣ ቀጥሎም ሐጂ የደወሉላቸው የጅዳ ልጆች ሁሉ ጠቆሙ።

ከባንኩ በረንዳ ላይ ሐጂ ለኮሚቴው ገጽ የሚሆን አጭር ነገር በቪዲዮ እንድትናገር ጠየቋት። ሳሚራ ነጠላዋን ጥቂት አስተካክላ ስልኩን ፊት ለፊት አየች። «ሳሚራ እባላለሁ፤ አልሞትሁም» አለች። «ያች እናቴ ናት፤ አላህ ይርሐማት፣ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ስትሰጥ እንጂ ስትቀበል አላየኋትም። የተቸገረ ሰው እዚህ አለ፤ ግን ሳትደውሉ፣ ሳታጣሩ አትላኩ።» አሰፋሽ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻት። ድምፁ ጫፉ ላይ ሰበር ይላል። ሳሚራ ራሷ ይህን ታውቀው እንደሆነ እንጃ። አሰፋሽ ይህን አዲሱን ቪዲዮ ለማህሌት ላከችላት፤ ከሥሩም የባንኩን ቁጥር አልጻፈችም፤ የኮሚቴውን ስልክ ብቻ። «የኔ ልጅ፣ ማንን ልመን ብለሽኝ ነበር። እኔንም አትመኚኝ። ለዚህ ደውለሽ፣ ለሌላም ሰው ደግመሽ ጠይቂ። ያጣሽውን ደግሞ ወልድያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አስመዝግቢ።» ራሷም ለገበያ የያዘችውን ለሐጂ ሰጥታ ደረሰኟን ተቀበለች።

ቤት ሲመለሱ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዝናቡ አባርቷል፤ የቅያሱ ሴቶች ልብስ መልሰው ያሰጣሉ። ሳሚራ ገና እንደገባች ስልኳን ከፈተች። ነጭ ገጽ መጣ፤ «ይህ ቪዲዮ አይገኝም» ይላል። ደግማ ከፈተችው፤ ያው ነው። ስልኩን ሰማያዊው ጨርቅ ላይ አስቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። አሰፋሽ በሩ አጠገብ እንደቆመች ነበር። የመጨረሻው የወልድያ መኪና ሊሄድ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

«ሳሚራ» አለች፤ «እኔ ለእማ ለቅሶ አልተቀመጥሁላትም።»

ሳሚራ ተነሥታ የስፌት መኪናውን ወደ ግድግዳው ገፋችው። ጨርቁን ከአልጋው፣ ከወንበሩ፣ ከመስኮቱ ሰብስባ ጓዳ አስገባች። ወንበሮቹን አወጣች። ከአልጋው ሥር ሰሌን ስባ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። አሰፋሽ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። መጀመሪያ ምንም አልመጣላትም። ከዚያ «እማ!» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ከጓዳ እንደምትጣራ ያህል። «እማ ሉባባ!» ሦስት ዓመት ሙሉ የታቆረው ገንፍሎ ወጣ። ሳሚራ ከጎኗ ተቀምጣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ለቅሶው ቅያሱን ሞላው። የግራ ጎረቤታቸው እጇ ሊጥ እንደሆነ እየሮጠች ገባች። «ማን ሞተ? ሳሚራ፣ ማን ሞተብን?» አለች።

«እማ» አለች ሳሚራ።

ሴትዮዋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሉባባን አጥባ የገነዘቻት እሷው ራሷ ናት። አንዴ ሳሚራን፣ አንዴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምታለቅሰውን ሴት አየች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች፤ ሌላዋም ተከተለች። ጫማቸውን በሩ ላይ እየተዉ፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ቤቱ ጸጥ ሲል ጎረቤቲቱ ወደ አሰፋሽ ዘንበል ብላ፣ ዘግይቶ ለደረሰ ለቀስተኛ እንደሚባለው «አብሽሪ እህቴ። ከሩቅ ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«አዎ» አለች አሰፋሽ። «ሩቅ ነበርሁ።»